ፒክአፕ ስንገዛ፦ ጭነቱን ወይስ መንገዱን?

ይህን ምንባብ አንብበን ስንጨርስ፦
ሀ) አንድ ፒክአፕ መኪና ስንት ኩንታል መጫን እንደሚችል ራሳችን ሒሳቡን እናወጣለን፤
ለ) ለጭነት የሚሆነውን መኪናና ለአስቸጋሪ መንገድ የሚሆነውን መኪና ለይተን እናውቃለን፤
ሐ) ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ምን ምን መጠየቅ እንዳለብን እንረዳለን።

1. ነገሩ እንዴት ተነሣ?

አንድ ማታ የንባብ ትምህርት አልቆ ሰዎቹ ወደየቤታቸው አልሄዱም። መብራቱም እንደበራ ቆየ። የሰፈሩ ሰዎች ለሁለት ዓመት ያህል ገንዘብ ሲያዋጡ ነበር። ያገለገለ ፒክአፕ መኪና በጋራ ለመግዛት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ለብቻው አንድ በሬ መግዛት የሚከብደው ሰው ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ መኪና ለመግዛት በቃ። ገንዘቡ ሞላ። ክርክሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሽንኩርት አምራቾቹ «ብዙ የሚጭን ይሁን» አሉ። ሽንኩርቱ በአህያ ሲመላለስ ገበያው ያልፋል፤ የቀረውም ይበሰብሳል። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን ተነሥተው እንዲህ አሉ፦

«እኔ የሽንኩርቱን ነገር አላውቅም። ባለፈው ክረምት ምራቴን ምጥ ሲይዛት በቃሬዛ ነው የወሰድናት። ጭቃው ጉልበት ይደርስ ነበር። አራት ሰዓት ሙሉ ተጓዝን። እሷ ተረፈች፤ ልጁ ግን አልተረፈም። መኪናው በክረምት የማይወጣ ከሆነ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?»

ቤቱ ዝም አለ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አስተማሪ፣ አንተ የተማርክ ነህና እስቲ ንገረን። የትኛው ይሻላል?»

እውነቱን ለመናገር አላውቅም ነበር። እኔ ከተማ ያደግኩ የዩኒቨርስቲ ተማሪ ነኝ። ፒክአፕ ማለት ለእኔ ቀለሙና ሞዴሉ ነበር። ቢሆንም አላውቅም ማለት አፈርኩና «ጉልበት ያለውን ግዙ፤ ጉልበት ያለው መኪና ሁሉንም ይሠራል» ብዬ መለስኩ። ብዙ ዓመት መሪ የጨበጡ አንድ አረጋዊ ሾፌር ጥግ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ሳቅ አሉና፦

«ልጄ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» አሉኝ።

«እንዴት ጋሼ?» አልኳቸው።

«ነገ ማታ ጠመኔህን ይዘህ ጠብቀኝ» አሉ።

በማግስቱ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ትምህርት የእሳቸው ነው። እኔ የጨመርኩት ሒሳቡን ብቻ ነው። እነሆ እንደሚከተለው ቀርቧል።

2. ፒክአፕ ምንድን ነው?

ፒክአፕ ከፊት ለፊቱ ሰው የሚቀመጥበት ጋቢና፣ ከኋላው ክፍት የጭነት ቦታ ያለው መኪና ነው። ጋቢናውም የጭነት ቦታውም የሚያርፉት ሻንሲ በሚባለው ወፍራም ብረት ላይ ነው። ሻንሲ ለመኪና እንደ አከርካሪ አጥንት ነው።

ጋቢናው አንድ ረድፍ ወንበር ብቻ ካለው ሲንግል ጋቢና ይባላል። ሁለት ረድፍ ካለው ደግሞ ደብል ጋቢና ይባላል። ለሰው ቦታ ሲጨመር ለዕቃ የሚሆነው ቦታ ይቀንሳል። ለምሳሌ በደብል ጋቢና ሃይሉክስ የጭነቱ ቦታ ርዝመት 1 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በሲንግል ጋቢናው ግን ከ2 ሜትር ይበልጣል።

በአገራችን መንገድ ላይ ሁላችንም የምናውቀው ቶዮታ ሃይሉክስ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ሲጀመር የተሠራው ለቀላል ጭነት ነበር፤ ሞተሩ የሚያሽከረክረውም የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ነበር። በአራቱም ጎማ የሚነዳው ሃይሉክስ የመጣው ከ11 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ዛሬም ቢሆን ሁለቱም ዓይነት አለ። ከውጭ ሲታዩ ወንድማማቾች ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን ይለያያል። ስለዚህ ስሙን ብቻ አይቶ መኪና መግዛት፣ ሲያርስ ሳያዩ በሬ እንደ መግዛት ነው።

3. ለጭነት የሚሆነው መኪና

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። የጭነት ነገር ግን ያለው ከሥር ነው። በኋላው አክስል ላይ ረዣዥም የብረት ዝርጎች ተደራርበው ይታያሉ። ባሌስትራ የሚባሉት እነሱ ናቸው። ባሌስትራው ወፍራምና ብዙ ሲሆን መኪናው ከባድ ጭነት ሲጫንበት ወደ ኋላ አይጎብጥም።

ነገር ግን ይኸው ጠንካራ ባሌስትራ መኪናው ባዶ ሲሆን ችግር ያመጣል። የሚጫነው ክብደት ስለሌለ እንደ ልብ አይተጣጠፍም። መኪናው ድንጋያማ መንገድ ላይ እንደ ፈረስ ይዘላል። ጎማው መሬት ባልነካ ቁጥር መኪናው ከመሬቱ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል። መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ አይገፋም፤ ፍሬንም አይይዝለትም፤ መሪም አይታዘዝም።

ለጭነት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በሁለት ጎማ የሚነዳ ሲንግል ጋቢና ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የፊት ዲፈረንሻልና ኃይል ወደ ፊት የሚያስተላልፉት ብረቶች ስለሌሉት መኪናው ራሱ ይቀላል። መኪናው የቀለለውን ያህል ለዕቃ የሚተርፈው አቅም ይጨምራል። ዋጋውም ነዳጁም ይቀንሳል። የጭነቱ ቦታም ዝቅ ስለሚል ለመጫንና ለማውረድ ይመቻል።

አጫጫኑም ሥርዓት አለው። ከባዱ ዕቃ ወደ ታች፣ ከኋላው አክስል ወደ ፊት፣ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ ይቀመጣል። ከባዱ ዕቃ ከአክስሉ ወደ ኋላ ከሄደ የመኪናው አፍንጫ ይነሣል። ያን ጊዜ የፊት ጎማዎቹ መሬቱን አጥብቀው ስለማይዙ መሪው ይቀላል። ሾፌሩ ወደ ቀኝ ቢያዞር መኪናው ቀጥ ብሎ ሊሄድ ይችላል።

4. ለአስቸጋሪ መንገድ የሚሆነው መኪና

ከጥርጊያ መንገድ ወጥቶ በጭቃ፣ በአሸዋና በድንጋይ ላይ ለሚሄድ መኪና የሚያስፈልገው ሌላ ነው። አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፣ ከመሬት ከፍ ማለት አለበት። መለካት ያለበት ከመኪናው ሥር ዝቅ ብሎ የሚታየው ብረት፣ ብዙ ጊዜ የዲፈረንሻሉ ሆድ፣ ከመሬት ያለው ርቀት ነው። መንገዱ ላይ ያለው ድንጋይ ከዚያ ከበለጠ መኪናው ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ አፍንጫውና ጅራቱ አጭር መሆን አለበት። ከፊት ጎማው ወደ ፊት ብዙ የወጣ መኪና ገደላማ ቦይ ሲገባ አፍንጫው መሬት ይወጋል። ከኋላ ጎማው ወደ ኋላ የረዘመውም ሲወጣ ጅራቱ ይጎተታል።

ሦስተኛ፣ በአራቱም ጎማ መነዳት አለበት። ሾፌሮች ፎር ዊል የሚሉት ይህን ነው። የኋላ ጎማዎቹ ጭቃ ውስጥ ቢንሸራተቱ የፊቶቹ ይጎትታሉ፤ የፊቶቹ ቢያቅታቸው የኋላዎቹ ይገፋሉ።

አራተኛ፣ ከባድ ማርሽ ያስፈልገዋል። በፎር ዊል መኪና ውስጥ ከዋናው ማርሽ ሌላ አንድ ተጨማሪ ማርሽ አለ። ይህ ማርሽ ፍጥነቱን ከሁለት እጥፍ በላይ ቀንሶ ጎማው ላይ የሚደርሰውን ጉልበት በዚያው ልክ ያበዛዋል። መኪናው እንደ ኤሊ ይሄዳል፤ ግን ይወጣል።

አምስተኛ፣ የሚቆለፍ ዲፈረንሻል ቢኖረው መልካም ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅደው ዲፈረንሻል ነው። ይህ በደህና መንገድ ጥሩ ነው። አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ፣ ሌላው ደረቅ መሬት ላይ ሲሆን ግን ጭቃ ላይ ያለው በከንቱ ይሽከረከራል፤ ደረቁን የያዘው ዝም ብሎ ይቆማል። ዲፈረንሻሉ ሲቆለፍ ሁለቱ አንድ ላይ ይዞራሉ።

ስድስተኛ፣ ጎማውና ነፋሱ ነው። ጥርሱ ሰፋ ያለ ጎማ ጭቃን ይረግጣል። እንደ አፋርና እንደ ሶማሌ ክልል ባለው አሸዋማ መሬት ላይ ደግሞ ሾፌሮች የጎማውን ነፋስ ይቀንሳሉ። ነፋሱ ሲቀንስ ጎማው ይሰፋና እንደ ግመል እግር አሸዋው ላይ ይዘረጋል። ከአሸዋው ሲወጡ ግን ወዲያው መልሶ መንፋት ግዴታ ነው። ነፋስ ያነሰው ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ግሎ ይፈነዳል።

5. ፎር ዊል የማያደርገው ነገር

እዚህ ላይ ሾፌሩ ጠመኔውን ከእጄ ተቀብለው ሰሌዳው ላይ ትልቅ መስመር አሰመሩ። «ይህን ካልጻፍክ ትምህርቱ ሰው ይገድላል» አሉ። የነገሩን ሦስት ነገር ነው።

ሀ) ፎር ዊል መኪናን አያቆምም። ማንኛውም መኪና ፍሬኑ በአራቱም ጎማ ላይ ነው። ስለዚህ ፎር ዊል መኪና ዳገት በመውጣት ሌላውን ይበልጠዋል እንጂ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ የተሻለ አይደለም። እንዲያውም ክብደቱ ስለሚበልጥ ለማቆም ይከብዳል።

ለ) በአብዛኛዎቹ ፒክአፖች ላይ ፎር ዊል በደረቅ አስፋልት አይገባም። የፊትና የኋላ ጎማዎች ሲታጠፉ የሚሄዱት መንገድ እኩል አይደለም። ጭቃ ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራትቶ ልዩነቱን ያስተካክላል። አስፋልት ላይ ግን መንሸራተት ስለማይችል ውስጥ ያለው ብረት ይጨናነቃል፤ መጨረሻውም መሰበር ነው።

ሐ) ፎር ዊል ወንዝ አያሻግርም። 60 ሣንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ወራጅ ውኃ ብዙዎቹን መኪኖች፣ ፒክአፕም ቢሆን፣ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ይህ ከአንድ ሰው ጉልበት ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ደራሽ ውኃ ሲመጣ የሚሻለው ዳር ቆሞ መጠበቅ ነው።

6. ሁለቱ ለምን አብረው አይሄዱም?

እንግዲህ አሁን የሾፌሩ ተረት ገባን። ጭነት የሚፈልገው ጠንካራ ባሌስትራ ነው፤ መጥፎ መንገድ የሚፈልገው የሚተጣጠፍ ባሌስትራ ነው። ጭነት የሚፈልገው ዝቅ ያለ መኪና ነው፤ መጥፎ መንገድ የሚፈልገው ከፍ ያለ መኪና ነው። ከፍ ያለው መኪና ላይ ጭነት ሲቆለል ደግሞ ክብደቱ ሁሉ ወደ ላይ ስለሚሆን ኩርባ ላይ በቀላሉ ይገለበጣል። ጭነት የሚፈልገው ረጅም የዕቃ ቦታ ነው፤ ረጅም መኪና ግን ጉብታ ላይ ሲወጣ ሆዱ መሬት ይነካል።

«ሁለቱንም የሚሠራ መኪና የለም ወይ?» ብሎ የጠየቀ ነበር። አለ፤ ግን ዋጋ ይጠይቃል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ባለ 70 ተከታታይ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ሻንሲው ወፍራም፣ የኋላው ባሌስትራ ጠንካራ ሆኖ በፎር ዊል ይነዳል። በገጠር ለአምቡላንስነት የሚያገለግለው ላንድክሩዘርም ከዚሁ ወገን ነው። ታዲያ ይህ መኪና ከባድ ነው፤ ነዳጅ ይጠጣል፤ ባዶውን ያንገጫግጫል፤ ዋጋውም ከሃይሉክስ ይበልጣል። እሱም ቢሆን ሁለቱን ሥራ የሚሠራው በልክ ነው።

7. ሒሳቡን እንሥራ

አሁን እርሳስና ደብተር እናውጣ። እያንዳንዱ መኪና ሁለት ቁጥር አለው። አንደኛው መኪናው ባዶውን የሚመዝነው ነው። ሁለተኛው ከነሰውና ከነዕቃው ሊደርስ የሚፈቀድለት ጠቅላላ ክብደት ነው። ቁጥሮቹን በመኪናው መጽሐፍ ወይም በሩ ጫፍ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ እንፈልጋቸዋለን። ከትልቁ ትንሹን ስንቀንስ መኪናው መሸከም የሚችለው ይወጣል። ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ለመማሪያ እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው።

ደብል ጋቢና፣ ፎር ዊል፦
ጠቅላላ ክብደት 2,900 ኪሎ፣ ባዶ ክብደት 2,000 ኪሎ።
2,900 − 2,000 = 900 ኪሎ።
አምስት ሰው፣ እያንዳንዱ 70 ኪሎ ቢመዝን፣ 5 × 70 = 350 ኪሎ።
900 − 350 = 550 ኪሎ። ለዕቃ የቀረው 5 ኩንታል ተኩል ነው።

ሲንግል ጋቢና፣ በሁለት ጎማ የሚነዳ፦
ጠቅላላ ክብደት 2,700 ኪሎ፣ ባዶ ክብደት 1,600 ኪሎ።
2,700 − 1,600 = 1,100 ኪሎ።
ሁለት ሰው፣ 2 × 70 = 140 ኪሎ።
1,100 − 140 = 960 ኪሎ። ለዕቃ የቀረው 9 ኩንታል ከ60 ኪሎ ነው።

ሰዎቹ ይህን ሲያዩ ተገረሙ። ብዙዎቹ ትልቁ መኪና ብዙ የሚጭን ይመስላቸው ነበር። ሰውም ጭነት መሆኑን፣ መኪናውም ራሱን የሚሸከም መሆኑን አላሰቡም። እኔም አላሰብኩም ነበር።

አንድ ሰው በመስኖ ያመረተው 80 ኩንታል ሽንኩርት አለው እንበል። ገበያው 30 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ደርሶ መልስ 60 ኪሎ ሜትር ነው። በሲንግል ጋቢናው 9 ኩንታል እየተጫነ ቢሄድ 9 ጊዜ ይመላለሳል፤ 9 × 60 = 540 ኪሎ ሜትር። በደብል ጋቢናው አምስት ሰው ተሳፍሮ 5 ኩንታል ተኩል ቢጫን 15 ጊዜ ይመላለሳል፤ 15 × 60 = 900 ኪሎ ሜትር። ልዩነቱ 360 ኪሎ ሜትር ነው። ነዳጁን፣ ጎማውን፣ የሾፌሩን ድካም እዚህ ላይ ጨምሩ።

8. «ባሌስትራ እንጨምርበት»

«ታዲያ ፎር ዊሉን ገዝተን ባሌስትራ ብናስጨምርበትስ?» አለ አንድ ወጣት። ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው። በደንብ እንየው።

ባሌስትራ ሲጨመር የመኪናው ኋላ አይጎብጥም። ዓይን ይታለላል፤ መኪናው «ቻለ» ይባላል። ነገር ግን የተጨመረው ባሌስትራ ብቻ ነው። ፍሬኑ አልተጨመረም። አክስሉ አልወፈረም። ሻንሲው አልጠነከረም። ጎማው የሚሸከመው ክብደት ያው ነው። የመኪናው አቅም የሚለካው በደካማው ክፍሉ ነው እንጂ በጠንካራው አይደለም። በዘጠኝ ጠንካራ ጠፍርና በአንድ ቀጭን ክር የታሰረ ጭነት የሚወድቀው ክሩ ሲበጠስ ነው።

ይህ ነገር የሚታየው ቁልቁለት ላይ ነው። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለውን የዓባይ በረሃ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ከደጋው ጫፍ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ከልክ በላይ የጫነ መኪና ፍሬን እየረገጠ ሲወርድ ፍሬኑ ይግላል። የጋለ ፍሬን መያዙን ይቀንሳል። ሾፌሩ አጥብቆ ሲረግጥ ጭራሽ ይግላል። ስለዚህ የድሮ ሾፌሮች ሕግ አላቸው፦ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ያን ጊዜ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል፤ ፍሬኑም ያርፋል።

ፍጥነትም አለ። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር መኪናው ፍሬን ከያዘ በኋላ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት በአራት እጥፍ ይጨምራል። ጭነት ላይ ደግሞ ሰው ከተሳፈረ አደጋው የዕቃ መበላሸት ብቻ አይሆንም። ጭነት ላይ የተቀመጠ ሰው የሚይዘው ነገር የለውም። መኪናው ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው፤ ዕቃው ደግሞ ከላዩ ይወድቅበታል።

የደጋ ሰው ሌላም ነገር ይወቅ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ የደረሰ ቱርቦ የሌለው መኪና ከሦስት እጅ አንድ እጅ ገደማ ጉልበቱን አጥቷል ማለት ነው። ቆላ ላይ ዳገት የወጣ መኪና ሁሉ ደጋ ላይ ይወጣል ማለት አይደለም።

9. ሰዎቹ ምን ወሰኑ?

በሦስተኛው ማታ መንገዱን ቆጠርን። ከ30ው ኪሎ ሜትር 22ቱ ጠጠር የለበሰ ነው፤ ክረምት ከበጋ ያስኬዳል። የቀረው 8 ኪሎ ሜትር ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ዝናብ ሲነካው ግን የጎማውን ጥርስ ይሞላዋል፤ ጥርሱ የሞላ ጎማ ልሙጥ ነው። ያ 8 ኪሎ ሜትር ነው እናቲቱን አራት ሰዓት ያስኬዳቸው።

ከዚያ ሁለት ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፍን። ሽንኩርቱ የሚጫነው መቼ ነው? በበጋ። በበጋ ሌላ መኪና ሰፈሩ ይደርሳል ወይ? ይደርሳል። አይሱዙ እያልን የምንጠራው ቀላል የጭነት መኪና በአንድ ጊዜ ከ30 ኩንታል በላይ ይጭናል። ያን 80 ኩንታል በሦስት ምልልስ ይጨርሰዋል። ተከራይቶ ማስጫን ይቻላል።

ምጥ የሚመጣውስ መቼ ነው? ቀን አይመርጥም። በሐምሌ ሌሊት የሚከራይ መኪና አለ ወይ? የለም።

አረጋዊው ሾፌር ያን ጊዜ እንዲህ አሉ፦ «እንግዲህ ተከራይተን የምናገኘውን አንግዛ። ተከራይተን የማናገኘውን እንግዛ።»

ሽንኩርት አምራቾቹ ትንሽ አጉረመረሙ። ሒሳቡን ግን ራሳቸው ደብተራቸው ላይ ሠርተውት ስለነበር ተስማሙ። የተመረጠው ፎር ዊል ደብል ጋቢና ነው፤ ታማሚ ጋቢና ውስጥ ይተኛል እንጂ ጭነት ላይ አይሆንም። ባሌስትራ እንዳይጨመርበት በቃለ ጉባኤ ተጻፈ። ያም ሆኖ መኪናው ሁልጊዜ ያልፋል ብሎ ተስፋ የሰጠ የለም። ወንዙ ሲሞላ ቃሬዛው ዛሬም ያስፈልጋል። ለዚህም ወሯ የደረሰች ሴት ወንዙ ሳይሞላ ቀድማ ወደ ጤና ጣቢያው አጠገብ እንድትሄድ ተነጋገሩ።

ይህ ውሳኔ ለዚያ ሰፈር ነው። ሌላ ሰፈር ሌላ ውሳኔ ይኖረዋል። ዓመቱን ሙሉ በጠጠር መንገድ ላይ እህልና ዱቄት የሚያመላልስ የወፍጮ ማኅበር ፎር ዊል ቢገዛ ገንዘቡን አባከነ። ለእሱ በሁለት ጎማ የሚነዳው ሲንግል ጋቢና ይበቃዋል። በየቀኑ ከ10 ኩንታል በላይ የሚጭን ደግሞ ፒክአፕን ትቶ ቀላል የጭነት መኪና ይፈልግ።

10. ያገለገለ መኪና ስናይ

— ሻንሲውን ከሥር ገብተን እንየው። የተሰነጠቀ ወይም የተበየደ ቦታ ካለ መኪናው ከልክ በላይ ሲጭን ኖሯል ማለት ሊሆን ይችላል።
— ባሌስትራውን እንቁጠር። የግራና የቀኙ እኩል ነው ወይ? በኋላ የተጨመረ አለው ወይ?
— ፎር ዊሉንና ከባዱን ማርሽ አፈር ላይ አስገብተን እንሞክር። «ይሠራል» የሚል ቃል አይበቃም።
— ዲፈረንሻሉ ዘይት ያንጠባጥባል ወይ? ጎማዎቹ በአንድ ጎን ብቻ ተበልተዋል ወይ?
— በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው ወይ? ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑስ?
— የምናምነው መካኒክ ይዘን እንሂድ። ለመካኒኩ የምንከፍለው ከምንድንበት ኪሳራ ያንሳል።

መኪናው ሰፈር በገባ ቀን በጋቢናው በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም «5 ሰው፣ 5 ኩንታል፤ ከዚህ በላይ አይጫንም» ተብሎ ተጻፈ። ብሩሹን የያዙት እኒያ እናት ናቸው። ከሦስት ወር በፊት 5 ቁጥርን መጻፍ አይችሉም ነበር። አሁን ሾፌሩ በሩን በከፈተ ቁጥር የሳቸውን ጽሑፍ ያነባል።

የቃላት ፍች

ባሌስትራ — ጭነት የሚሸከሙ፣ ተደራርበው የታሰሩ የብረት ዝርጎች
ሻንሲ — ጋቢናውና የጭነት ቦታው የሚያርፉበት የመኪና አጥንት
ዲፈረንሻል — ኃይልን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍል ክፍል
ዋልካ — ሲረጥብ የሚያጣብቅ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር
ሊብሬ — የመኪና ባለቤትነት ደብተር

ጥያቄዎች

1. ጠንካራ ባሌስትራ መኪናው ባዶ ሲሆን ምን ችግር ያመጣል?
2. ፎር ዊል መኪና ቁልቁለት ላይ ከሌላው የተሻለ ፍሬን አለው ወይ? ለምን?
3. አንድ ፒክአፕ ጠቅላላ ክብደቱ 2,800 ኪሎ፣ ባዶ ክብደቱ 1,900 ኪሎ ነው። እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ የሚመዝኑ ሦስት ሰዎች ቢሳፈሩበት ለዕቃ ስንት ኪሎ ይቀራል? 50 ኪሎ የሚመዝን የማዳበሪያ ከረጢት ስንት ይጭናል?
4. ባሌስትራ መጨመር የመኪናውን አቅም የማይጨምረው ለምንድን ነው?

የቤት ሥራ

ከሰፈራችሁ እስከ ገበያው ያለውን መንገድ በሦስት ክፈሉ፦ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ፣ በበጋ ብቻ የሚያስኬድ፣ ጭራሽ መኪና የማያስኬድ። የእያንዳንዱን ርዝመት ጻፉ። ከጎኑ በዓመት ውስጥ ስንት ኩንታል፣ በየትኛው ወር እንደሚጫን ጻፉ። መኪና ባትገዙም ወረቀቱን አስቀምጡት፤ መኪና ለመከራየትም ሆነ መንገድ ይጠገንልን ብሎ ለመጠየቅ ይጠቅማችኋል።